«ሰብሰብ በይ»፣ «ደፋር ሁኚ»

እስቲ «ድፍረት» ከሚለው ቃል እንነሳ። «ልጁ ደፋር ነው» ሲባል ወላጅ ደስ ይለዋል። ሰው ፊት ቆሞ የሚናገር፣ ያልገባውን የሚጠይቅ፣ ነገ ትልቅ ቦታ የሚደርስ ልጅ ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። «ልጅቷ ደፋር ናት» ሲባልስ? እንደ ተናጋሪው ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ ግን ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ቅንድብ ከፍ ይላል፣ «የማን ልጅ ናት?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። ቃሉ ያው ነው። ከዚያ ግሱን ትንሽ ነካ አድርገን «ተደፈረች» ስንል ደግሞ ሌላ ቤት ውስጥ እንገባለን፤ ሕጉም ወንጀሉን የሚጠራው «አስገድዶ መድፈር» ብሎ ነው። ሲደፍር ጀግና፣ ስትደፍር ባለጌ፤ ስትደፈር ደግሞ እፍረቱ የእሷ። በአንድ ሥር ይህን ሁሉ የሚሸከም ሌላ የአማርኛ ቃል አሁን አይመጣልኝም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ርእሱን የወሰደው ከዚሁ መንታ ትርጉም ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት በሰንዳንስም በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አግኝቷል፤ አንጀሊና ጆሊ በዋና ፕሮዲዩሰርነት ስሟን አስቀምጣበታለች፤ ስለ ጠለፋና ስለ ሕግ ብዙ ተወርቶበታል። እኔ ሰሞኑን ደግሜ ያየሁት ግን ለሕጉ ብዬ አይደለም። ስለ ሰውነት የሚለውን ለማየት ነው። ሁለቱ ዋና ሴቶች እንዴት ይቆማሉ፣ እንዴት ይቀመጣሉ፣ ማን ፊት ዓይናቸውን ያነሳሉ? ምክንያቱም በአሁኑ ጊዜ ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ኮት የለበሰ ሰው «ትከሻሽን ክፈቺ፣ አገጭሽን ቀና አድርጊ፣ ዓይን ዓይኑን እዪው፣ በራስ መተማመንሽ ይጨምራል» ይለኛል። ደፋር ሁኚ ነው ነገሩ። ይሄ ምክር የሚነገረው በየትኛው ቋንቋ፣ ለየትኛው ሰውነት ነው የሚለው ጥያቄ ከረመብኝ።

ደፋር ሁኚ ከመባላችን በፊት የተባልነው ሌላ ነገር ነበር። እኔ ካደግኩበት ቤት አብዝቼ የማስታውሰው ትእዛዝ «ሰብሰብ በይ» ነው። ስቀመጥ ሰብሰብ በይ። ስስቅ ሰብሰብ በይ። እንግዳ ሲመጣ ሰብሰብ በይ እንጂ ልጄ! እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፤ እናቷም ይህንኑ ነው ያሏት። ግን ቃሉን ልብ በሉት። የሚሰበሰበው የተሰጣ ነገር ነው። ጤፍ ተሰጥቶ ዝናብ ሲያስገመግም «ኧረ ሰብስቡ!» ይባላል። ገመድ ላይ ያለ ልብስ ይሰበሰባል። ስለዚህ ሴት ልጅ እንደተመቻት ከተቀመጠች ደጅ የተሰጣች ናት ማለት ነው። ዝናቡ ማን እንደሆነ ግን አይነገራትም፤ መሰብሰቡ ብቻ ነው የእሷ ሥራ። ወንድሜ እዚያው ሶፋ ላይ እግሩን እስከ ጠረጴዛው ዘርግቶ ኳስ ያይ ነበር፤ ለእሱ የሚባለው «ኮስተር በል» ነው። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ እመለስበታለሁ።

አማርኛ የሰውን ጠባይ በሰውነት ክፍል መጥራት ይወዳል። ልበ ሙሉ፣ አንገተ ደንዳና፣ ምላሰኛ፣ እጀ ሰፊ እንላለን። ሴት ላይ ሲደርስ ነገሩ ዓይንና አንገት ላይ ይከማቻል። ዓይናፋር ስትሆን ጥሩ ነው። ዓይኗ ሲደርቅ «ዓይነ ደረቅ»፣ ሲወጣ «ዓይን አውጣ» ትሆናለች። «አንገቷን የደፋች» ሽማግሌ ተልኮ የሚለመንባት ልጅ ምስጋና ነው። እውነት ለመናገር «አንገቱን የደፋ ልጅ» ለጨዋ ጎረምሳም ይባላል፤ ግን እሱ ሥራ ሲይዝ፣ ቤት ሲመሠርት ቀና እንዲል ይጠበቃል። አንገት መድፋቱ የዕድሜ ነው። የእሷ አንገት መቼ ቀና እንደሚል የተጻፈ ቀን የለም። አያቴ በቤታችን እግራቸውን ዘርግተው የሚቀመጡ ብቸኛ ሴት ነበሩ። ቡና ሲፈላ ጀርባቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ሁለት እግራቸውን ፊት ለፊት ልከው፣ ጮክ ብለው ሲስቁ «ሰብሰብ ይበሉ» የሚላቸው ሰው አልነበረም። ያን ለማግኘት ሰባ ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

አሁን ወደ ኮት ለባሹ ሰውዬ። የሚሰጠው ምክር ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ2010 ዳና ካርኒ፣ ኤሚ ከዲ እና አንዲ ያፕ «ሳይኮሎጂካል ሳይንስ» በተባለ መጽሔት ላይ አጭር ጥናት አወጡ። የተሳተፉት 42 ሰዎች ናቸው፤ 26 ሴቶችና 16 ወንዶች። አንዳንዶቹ ሰውነታቸውን ዘርግተው፣ ለምሳሌ እግራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው፣ ሌሎቹ እጅና እግራቸውን አጣጥፈው፣ ሁለት አቋቋም ለአንድ አንድ ደቂቃ እንዲይዙ ተደረገ። የተዘረጉት ቴስቶስትሮናቸው ጨመረ፣ ኮርቲሶላቸው ቀነሰ፣ ቁማር ላይም ይበልጥ ደፈሩ ተባለ። በ2012 ከዲ ይህንን ቴድ መድረክ ላይ አቀረበችው። ንግግሯ በዓለም ላይ በብዛት ከታዩት የቴድ ንግግሮች አንዱ ሆነ፤ «ፓወር ፖዝ» የሚለው ነገር ከዚያ ነው የተሰራጨው። ሁለት ደቂቃ ብቻ!

ከዚያስ? በ2015 ኤቫ ራንሂልና ባልደረቦቿ 200 ሰዎች ይዘው ደግመው ሲሞክሩት ሆርሞኑም አልተለወጠ፣ ቁማሩም አልተለወጠ። በ2016 ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች አንዷ የሆነችው ካርኒ ራሷ «ፓወር ፖዝ» ውጤት አለው ብዬ አላምንም ብላ በይፋ ጻፈች። የቀረ አንድ ነገር አለ፦ ተሳታፊዎቹ ሲዘረጉ ጉልበት የተሰማቸው መስሏቸዋል። ከዲም ይህ ስሜት እውነት ነው ብላ ተከራክራለች። ይሁን። እኔ በዚህ አልጣላም፤ ስሜትም ቀላል ነገር አይደለም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። የከዲን ምክር ልብ ብላችሁ ብትሰሙት፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት አድርጉት ነው የሚለው። ሊፍት ውስጥ። ሽንት ቤት በር ዘግታችሁ። ሰው ሳያይ። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ፊት እግርሽን ጠረጴዛ ላይ ስቀይ አላለችም፤ ልትልም አትችልም። ምክሩ ራሱ ችግሩ የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ችግሩ ትከሻው ላይ ቢሆን ኖሮ የትም ይከፈት ነበር። ችግሩ በሩን ከፍተሽ ስትገቢ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡት ሰዎች ዓይን ላይ ስለሆነ ነው ድፍረቱ ሽንት ቤት ተቆልፎበት የሚደረገው።

ታናሽ እህቴ ባለፈው ዓመት ለሥራ ስትወዳደር ይህንኑ ተለማምዳ ነበር። መስታወት ፊት። ሦስት ሰዎች ፊት ስትቀመጥ ትከሻዋ ተከፍቶ እንደሆነ ወይ ታጥፎ እንደሆነ አላስታወሰችም፤ የምታስታውሰው የመጀመሪያውን ጥያቄ ነው። «ባለትዳር ነሽ?» ከእሷ ቀድሞ የገባውን ልጅ በኋላ ታክሲ ተራ አግኝታው ጠየቀችው። እሱን ምን እንደሚጫወት ጠይቀውታል። ኳስ ነው ወይ ቼዝ።

እኔም አንድ ቢሮ በሠራሁበት ጊዜ ስብሰባ ላይ «ይህ ዕቅድ በዚህ በጀት አይሆንም» ብዬ ነበር። «ደፋር ናት እሷ!» ብለው ሳቁ። ከእኔ ቀጥሎ አንድ ባልደረባዬ በሌላ ቃል ያንኑ አለ። ልበ ሙሉ ልጅ ነው ተባለ። ዕቅዱ ተቀየረ። እዚህ ላይ ስለ እኔ አቀማመጥ ምን ይመከራል?

አሜሪካዊቷ ፈላስፋ አይሪስ ማሪየን ያንግ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚህ ነገር ከማውቃቸው ጽሑፎች ሁሉ የምወደውን ጽፋለች። የተነሳችበት ጥያቄ ቀልድ ይመስላል፦ ሴት ልጅ ኳስ ስትወረውር ለምን በክንዷ ብቻ ትወረውራለች? ለምን ወገቧን፣ ትከሻዋን፣ እግሯን አትጨምርም? የያንግ መልስ ባጭሩ ሲነገር ጡንቻ አይደለም ነው። ልጅቷ ሰውነቷን የምትኖረው በሁለት ዓይን ነው። አንዱ ከውስጥ ወደ ኳሱ ያያል፤ ሌላው ከውጭ ወደ ራሷ ያያል፣ ስትወረውር ምን ትመስላለች ብሎ። ግማሽ ትኩረቷ እዚያ ስለሚቀር ሰውነቷ በሙሉ ወደ ኳሱ አይሄድም። ባዶ ቦታ ተሰጥቷት እንኳ አትሞላውም፤ ዙሪያዋን የማይታይ ክበብ ያሰመረችበት ይመስል። እኔ ይህን ሳነብ «ሰብሰብ በይ» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

ግን ያንግ ራሷ የምናገረው ስለ በለጸገ የከተማ ኅብረተሰብ ነው ብላ ወሰን አበጅታለች፤ ደግ አድርጋለች። ወደ እንጦጦ ውጡና የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች እዩ። እነሱ ሰውነታቸውን በግማሽ አይጠቀሙም። ወገባቸው፣ ጉልበታቸው፣ አንገታቸው፣ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፤ ስንቱ ጂም የሚገባ ጎረምሳ አያነሳውም ያን ሸክም። ግን ታጥፈው ነው የሚሄዱት። ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። ጉልበት ያለው ሰውነትና ሥልጣን ያለው ሰውነት አንድ እንዳልሆኑ ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። «ቀና በይ» ለእነሱ ቢነገር መልሱ ቀላል ነው፦ እንጨቱን ያዝልኝ።

ወደ ፊልሙ ልግባ። ያላያችሁት ካላችሁ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሂሩት (ትዝታ ሃገሬ) የ14 ዓመት ተማሪ ናት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረስ የመጡ ወንዶች ጠልፈው ይወስዷታል፤ ጠላፊዋ ይደፍራታል። በማግስቱ ጠመንጃ አንስታ ትሮጣለች፣ ይከተሏታል፣ ትተኩሳለች፣ ሰውየው ይሞታል። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ የአገር ሽማግሌ፣ ፍርድ ቤት። ከአዲስ አበባ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ (ሜሮን ጌትነት) መጥታ ጉዳዩን ትይዛለች። መነሻው እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የሆነ። እውነተኛዋ መዓዛ እ.ኤ.አ. በ1995 የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናት፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነች።

በእኔ ዓይን የፊልሙ ትልቁ ቦታ የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ወንዶች ዛፍ ሥር ተሰብስበዋል። ዘረሰናይ አራዊት አላደረጋቸውም፤ እሱ ላይ አመሰግነዋለሁ። ንግግራቸው ሥርዓት አለው፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ ይደማመጣሉ፣ ለሟች ቤተሰብ ያዝናሉ፣ የልጅቷ አባትም ተነስቶ ይናገራል። ሰውነታቸውን እዩ። የሚናገረው ይቆማል፤ ሌላው ይሰማዋል። ማንም ትከሻህን ክፈት ያለው የለም። ቦታው የእሱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው። የሚዳኝባት ልጅ ግን እዚያ የለችም። ብትኖርስ በየትኛው አቋም ትቆም ነበር? በራስ መተማመን የምንለው ነገር እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሲታይ ጠባይ አይመስልም፤ የመቀመጫ ጉዳይ ይመስላል። ወንበር ያለው ሰው ዘና ይላል።

ፍርድ ቤት ላይ ደግሞ ወጥመዱ ይጠብቃል። ወንድ ገድላ ዳኛ ፊት የቆመች ልጅ አንገቷን ብትደፋ ጥፋተኛ ትመስላለች። ቀና ብትል ጸጸት የሌላት ዓይነ ደረቅ። ብታለቅስ ለማስመሰል፤ ባታለቅስ ልበ ደንዳና። የመዓዛ ክርክር ራስን መከላከል ነው፤ ራሷን ተከላከለች ለማለት ደግሞ አደጋ ላይ እንደነበረች ማሳመን አለባት። ደፋሯን ልጅ ለማዳን የፈራችውን ልጅ ማሳየት ማለት ነው። ትዝታ ሃገሬ ይህን በጣም ጥቂት ቃላት ይዛ ነው የተወጣችው። ብዙ ፊልም ልክ መጨረሻው ላይ ጀግናዋን ቀና ያደርጋታል፣ ሙዚቃ ይለቃል፣ እኛም እፎይ እንላለን። እሷ ግን ያን እፎይታ በቀላሉ አትሰጠንም። ያቺ ልጅ የደረሰባት ነገር በአቋቋም የሚስተካከል እንዳልሆነ ተዋናይቷ ከካሜራው በተሻለ ገብቷታል።

ምክንያቱም ካሜራው፣ እውነቱን ልናገር፣ መዓዛን ነው የሚወደው። አረማመዷን፣ ቦርሳዋን፣ ባለሥልጣን ቢሮ ውስጥ ቀጥ ብላ መቆሟን ይወዳል። የተማረች፣ ከተሜ፣ አንደበቷ የተፈታ። ድፍረት ምን እንደሚመስል ስንጠየቅ ፊልሙ ጣቱን ወደ እሷ ነው የሚቀስረው። እሷ አይገባትም ማለቴ አይደለም፤ የፍትሕ ሚኒስትሩን ፍርድ ቤት ማቆም ቀልድ አይደለም። ግን በጠቅላላው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የከበደውን ድርጊት የፈጸመችው የ14 ዓመቷ ልጅ ናት፣ በፊልሙ መጀመሪያ፣ በባዶ እጇ ተነስታ ጠመንጃውን ስትይዝ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል የምትወሰድ ባለጉዳይ ያደርጋታል። ድፍረት የሚመስለው ድፍረት የሆነውን ሸፈነው። እዚህ ላይ ፊልሙና ኮት ለባሹ ሰውዬ ሳይተዋወቁ ይስማማሉ።

ሕጉን ያየን እንደሆነ ደግሞ ማን እንዳቆማት፣ ማን እንዳስጎነበሳት ግልጽ ይሆናል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀር ነበር። ተጠልፋ፣ ተደፍራ፣ ቀጥሎ ሚስቱ ከሆነች ነገሩ አለቀ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል የተለወጠው የሴቶች ትከሻ አይደለም። ፋይል ነው፣ ስብሰባ ነው፣ ክስ ነው፣ ዓመታት ነው። የቀና ማለት ዋጋ ተለወጠ፤ ዋጋው ሲለወጥ ነው አንዳንዷ ቀና ማለት የጀመረችው። በየገጠሩ ሁሉ ተለውጧል እያልኩ አይደለም።

ይሄን ሁሉ ስል አንድ ነገር እንዳይሳሳት። እኔ መጎንበስን አልጠላም። ለትልቅ ሰው ብድግ ማለት፣ «ኖር» ማለት፣ ዕቃ ስናቀብል ግራ እጃችንን ከቀኝ ክንዳችን ሥር ማድረግ፣ ሲጨባበጡ ዝቅ ማለት፣ እነዚህ የሚያምሩ ነገሮች ናቸው። «ዓይን ዓይኑን እዪው» የሚለውን ምክር እንደወረደ ወስዳ የአባቷ እኩያ ፊት ያፈጠጠች ልጅ በራስ የምትተማመን ሳትሆን ያልተመከረች ነው የምትመስለው፤ ምክሩን የሰጣት ሰው ይህን አይነግራትም። ትሕትና ሰውነትን ማሳነስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ለሽማግሌ አይጎነበስም ነበር። ይጎነበሳሉ፤ ያውም ማን ይበልጥ ዝቅ ይበል እያሉ እየተሽቀዳደሙ። ልዩነቱ ያ መጎንበስ መልስ አለው፤ ዝቅ ያልክለት ዝቅ ይልልሃል። ልጅቷ ስትሰበሰብ ግን መልሶ የሚሰበሰብላት የለም። ወንበሩ ላይ ያለው ጉልበት እንደተከፈተ ነው፤ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መሃል የተቀመጣችሁ ሴቶች ታውቁታላችሁ።

«ኮስተር በል» ያልኩት ወንድሜስ? እሱ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ነው የሚኖረው። አዲስ አበባ እያለ ከጓደኛው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ፒያሳን ይወርድ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። እዚያ በሄደ በወሩ ተወው። ማንም አላዘዘውም፣ የሰው ዓይን በቃው። አሁን አገር ቤት ሲመጣ እንኳ ጓደኛው እጁን ሲይዘው ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። የወንድ ሰውነትም ተመልካች ሲቀየር ይቀየራል ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ወር። ለወንዶች የሚዘጋጁትን «አልፋ ወንድ» ምናምን የሚሉ ቪዲዮዎች ሳይ ያሳዝኑኛል። አትሳቅ፣ ቀስ ብለህ ተራመድ፣ አትጣደፍ፣ ማንንም አትጠይቅ። ይሄ እኮ ያው «ኮስተር በል» ነው፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ተመልሶ የመጣ። ግን ሚዛኑን እኩል አላደርገውም። ኮስታራ ወንድ በኮስታራነቱ ይሾማል፤ የተሰበሰበች ሴት በመሰብሰቧ ትመሰገናለች፣ ትዳራለች፣ ከዚያ ለሹመት ስትታይ «ደከም ያለች ናት፣ ድፍረት ይጎድላታል» ትባላለች።

ፊልሙ ላይ አንድ የስም ነገር አለ። መዓዛ በፊልሙም በእውነተኛ ስሟ መዓዛ አሸናፊ ናት። ልጅቷ ግን ሂሩት ተብላለች፤ የእውነት ስሟ አይደለም። ይህን ለመከላከል ቀላል ነው፣ በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባትን ሰው ስም መሸፈን ተገቢ ነው። እኔም ስሟን እዚህ አልጽፍም። ግን ውጤቱን ደግሞ እዩት፦ ድፍረቷ የሚታየው ሴት ስም አላት፣ የተደፈረችው የላትም። ርእሱ መንታ ነው ስንል ሁለቱ ትርጉሞች ለሁለት ሴቶች ተከፋፈሉ።

ከዚያ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ ሰው ተሰብስቦ፣ ሊጀምር ሲል ቆመ። ታሪኩ የተወሰደባት ሴት፣ ያኔ ልጅ አይደለችም፣ ትልቅ ሴት ናት፣ ያለ ፈቃዴ ነው የተሠራው ብላ ፍርድ ቤት ሄዳ ነበር። አዘጋጁ መድረክ ላይ ወጥቶ የእግድ ትእዛዝ መምጣቱን ለታዳሚው ተናገረ። በዚህ ጉዳይ ማን ልክ እንደነበር እዚህ ልፈርድ አልፈልግም፤ ፊልም ሠሪዎችም የሚሉት ነበራቸው፣ ፊልሙም መታየት ያለበት ፊልም ነው። እኔን የሚይዘኝ ያቺ ቅጽበት ናት። ዓለም ያጨበጨበለት፣ በእሷ ዝምታ ላይ የተሠራ ፊልም በእሷ ቃል ቆመ። እንዴት እንደቆመች፣ ትከሻዋ ተከፍቶ ነበር ወይ፣ ዳኛውን ስታናግር ዓይኗ ወዴት እንደነበር የምናውቀው የለም። ከተሰበሰበው ሰው አብዛኛው ፊቷን እንኳ አያውቀውም። አዳራሹ የደረሰው ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ነው።